የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ የመላጣ አንገቱ አውራ ዶሮ ዓመት

የዘንድሮው የክበባችን ሥራ የጀመረው በተረፈ ገንዘብ ነው። ጥቅምት መግቢያ ላይ ከአባላት የሰበሰብነው መዋጮ አሮጌውን ማይክሮስኮፕ ለማስጠገን ነበር። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና «ይህስ ለሙዚየም ይሁን» ብሎ መለሰልን። በገንዘቡ ከቅዳሜ ገበያ አንድ አውራ ዶሮ ገዛን። የ10ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ጸሐፊያችን በቃለ ጉባኤው ላይ «የላቦራቶሪ ዕቃ ግዢ፦ ዶሮ፣ ብዛት 1» ብሎ መዝግቦታል። ገንዘብ ያዣችን ደረሰኙን ሲያዩ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

አውራው መላጣ አንገት የሚባለው ዓይነት ነው። ከአገጩ ሥር እስከ ደረቱ ቆዳው ቀልቶ ይታያል፤ ከአንገቱ ግርጌ፣ በፊት በኩል ብቻ አንድ ጭብጥ የማይሞላ ላባ አለችው። የሸጡልን እናት «የቆላ ዶሮ ነው፣ ብርድ እንዳታስመቱት» ብለው አስጠንቅቀውናል። ልጆቹ መጀመሪያ ሲያዩት ሳቁበት። አንዳንዶቹ ታሞ ላባው የረገፈ መሰላቸው፤ አንዷ ደግሞ «ቲቸር፣ ግማሹን ገንጥለው ነው እንዴ የሸጡልን?» አለችኝ።

ለምን ዶሮ እንደመረጥን ልናገር። የዘር ውርስን ትምህርት ለብዙ ዓመታት በጥቁር ሰሌዳ ላይ፣ የእናትና የአባት ዘር በሚገጣጠምበት ባለ አራት ሳጥን ሠንጠረዥ ሳስተምር ቆይቻለሁ። ተማሪው «ሦስት ለአንድ» የሚለውን ይሸመድዳል፣ ለፈተና ይጽፈዋል፣ ክረምት ሲገባ ይረሳዋል። አምና አተር ተክለን ነበር። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ አበባ ሊያወጣ ሲል የጎረቤት በጎች በአጥር ሾልከው ገቡና በአንድ ቀትር ጨረሱት። መላጣ አንገት ግን ሠንጠረዡን በእግሩ የሚያስኬድ እንስሳ ነው። አንገትን የሚያራቁተው አንድ ዘረመል፣ ማለትም ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያስተላልፍ መልእክት፣ ነው፤ ጫጩቷም ከቅርፊቱ ስትወጣ አንገቷ ባዶ መሆኑና አለመሆኑ ወዲያው ይለያል። ስድስት ወር መጠበቅ የለም።

መማሪያ መጽሐፉ ‹ዶሚናንት› የሚለውን ልጆቹ «ገዢ»፣ ‹ሪሴሲቭ› የሚለውን «ድብቅ» አሉት፤ እኔም በዚሁ ዘገባ የእነሱን ቃል እከተላለሁ። እያንዳንዱ እንስሳ ለአንድ ባሕርይ የዘረመል ቅጂ ሁለት ይይዛል፤ አንዱን ከእናት፣ ሌላውን ከአባት። ለልጁ የሚያወርሰው ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሚወጣ ዕጣ ነው። መላጣነት ገዢ ስለሆነ አንድ ቅጂ ብቻ ቢኖርም አንገቱ ይራቆታል፤ ድብቁ ባለ ላባነት የሚታየው ሁለቱም ቅጂ የላባ ሲሆን ነው። ገዢነቱ ግን ሙሉ አይደለም፤ አንድ ቅጂ ያለው ዶሮ ያቺን የፊት ላባ ያስቀራል፣ ሁለት ያለው ጨርሶ ይራቆታል። የእኛ አውራ ላባዋ ስላለችው አንድ የመላጣ፣ አንድ የላባ ቅጂ የያዘ ነው ማለት ነው። የሸጡልን እናት ሳይነግሩን የዘሩን ምስጢር ከአንገቱ አነበብን።

ሴት ዶሮ እስክትመጣ ድረስ በቆርኪ ተለማመድን። ሁለት የጨርቅ ከረጢት እናትና አባት ሆነው፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ቀይና አንድ ቢጫ ቆርኪ አስገብተን፣ ሳናይ ከየከረጢቱ አንዳንድ እያወጣን፣ እየመዘገብን መመለስ ነው። 200 ጊዜ አወጣን። ሁለቱም ቀይ 46፣ ቅይጥ 105፣ ሁለቱም ቢጫ 49 መጣ። «50፣ 100፣ 50 አልሞላም» ብሎ ያዘነ ነበር። ዕጣ ቃል አይገባም፤ ብዙ ሲቆጠር ግን ወደ ቦታው ይጠጋል። ግሬጎር ሜንዴልን ያስታወስኳቸው እዚህ ላይ ነው። በዛሬዋ ቼክ ሪፐብሊክ፣ በብርኖ ከተማ ገዳም የነበረ መነኩሴ ነው። መነኩሴ መሆኑን ሲሰሙ አብነት ትምህርት ቤት ያለፉት ልጆቻችን ፊታቸው በራ። ከ1856 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. አተር ሲያዳቅል ኖሮ በሁለተኛው ትውልድ 5,474 ድቡልቡልና 1,850 የተጨማደዱ ፍሬዎችን ቆጠረ። ድቡልቡልነት ገዢ ስለሆነ ሠንጠረዡ «ሦስት ለአንድ» ይላል፤ ሲካፈል ግን 2.96 ነው እንጂ 3 አይደለም። ከእሱ በፊት አተር ያዳቀሉ ሰዎች ነበሩ፤ እንደ እሱ ቁጭ ብሎ የቆጠረ ግን አልነበረም። ጽሑፉ በ1866 ወጣ፣ እሱ በ1884 ሞተ፣ ዓለም ልብ ያለው በ1900 ነው። «ሳያይ ሞተ?» አለ አንዱ ልጅ፣ የዘመድ መርዶ እንደሰማ ሁሉ።

ወደ ዶሮው ልመለስ። አንዲት ገብስማ ሴት ዶሮ፣ አንገቷ በላባ የተሸፈነ፣ ከአንድ አባል ቤት ተዋስን። እዚህ ላይ መጽሐፍ የማይነግረንን የልጁ አያት አስተማሩን፦ ሴት ዶሮ ከአውራ ተለይታም ለሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ የለማ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የቀድሞው ባሏ ዘር እንዳይገባብን ሦስት ሳምንት ለብቻዋ አቆየናት። ከዚያ በኋላ 12 እንቁላል ታቀፈች። በ21ኛው ቀን 9 ጫጩት ፈለፈለች፤ 6 መላጣ፣ 3 ባለ ላባ። አውራው አንድ የመላጣ ቅጂ ስላለው፣ ሴቷ ደግሞ ምንም ስለሌላት ሠንጠረዡ «እኩል በእኩል» ይላል። የሒሳብ ፍቅር ያለባቸው ልጆች ተከፉ። በየካቲት ሌላ ባለ ላባ ዶሮ አስታቀፍን፤ 10 ፈለፈለች፣ 4 መላጣና 6 ባለ ላባ። ሲደመር 10 ለ9። የዚያን ዕለት የተጨበጨበው ጭብጨባ በስፖርት ክበቡ ጨዋታ ላይም አልተሰማም። አንዲቱን መላጣ ጫጩት ጭላት ወስዷታል፤ በመዝገቡ ግን ተቆጥራለች።

አንድ ሌላ ነገርም ከጫጩቶቹ ተማርን። በአነጋገራችን ዘር «ደም» ነው፤ ደሙ ተቀላቀለ፣ ደሙ ቀጠነ እንላለን። ዘር እንደ ማኪያቶ የሚቀላቀል ቢሆን ኖሮ የመላጣና የባለ ላባ ልጆች ሁሉ ግማሽ አንገታቸው የተራቆተ አንድ ዓይነት መሆን ነበረባቸው፤ ከትውልድ ትውልድም ልዩነቱ እየደበዘዘ ይጠፋ ነበር። ግን ባለ ላባዎቹ ፍጹም ባለ ላባ ናቸው። የአባታቸው መላጣነት በእነሱ ላይ አንዲት ጠባሳ አልተወም። ቅጂው ወይ ይደርሳል ወይ አይደርስም።

ታኅሣሥ ላይ የሠራሁት ስህተት አለ። የራሴ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

በአሮጌው ማስታወሻዬ ላይ ምላስን ግራና ቀኙን አንሥቶ እንደ ቧንቧ መጠቅለል መቻል ገዢ፣ አለመቻል ድብቅ ባሕርይ ነው ተብሎ ተጽፏል። ለ34ቱ አባላት የቤት ሥራ ሰጠሁ፦ የእናት፣ የአባት፣ የእህትና የወንድምን ምላስ አይታችሁ ሠንጠረዥ ሥሩ። በማግሥቱ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ ምላሱን ያላወጣ ልጅ አልነበረም። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ብቻ ወረቀቷን አላስረከበችም። ስጠይቃት «ረሳሁት» አለች። እኔም አመንኳት፤ ማመን አልነበረብኝም።

በሦስተኛው ቀን እናቷ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው መምህራን ክፍል በር ላይ ቆሙ።

«እንደምን ዋሉ መምህር። እንደው ምን ብለው ነው ልጄን ያስተማሯት?»

«ይግቡ፣ ይቀመጡ እንጂ እናቴ።»

«አልቀመጥም። አባቷን ምላስህን ጠቅልል፣ ምላስህን ጠቅልል ስትለው ከረመች። አቃተው። እኔም አቃተኝ። እሷ ትችላለች። ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ጋር ማዕድ አትቀርብም። የሰፈር ወሬ ያላመጣብኝን እርስዎ በትምህርት አመጡብኝ።»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለት ድብቅ ባሕርይ ያላቸው ወላጆች ገዢውን ባሕርይ ሊያወርሱ አይችሉም ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ልጅቷ ሠንጠረዡን በትክክል ሠራች፤ ሠንጠረዡ አባቷን ነጠቃት።

ያን ዕለት ማታ ማስታወሻዬን ትቼ ሌላ ሳነብ አመሸሁ። ምላስ መጠቅለል በአንድ ዘረመል ይወረሳል የሚለውን ሐሳብ በ1940 ያቀረበው አልፍሬድ ስተርትቫንት የተባለ ስመ ጥር የዘረመል ተመራማሪ ነው። በ1952 ግን ሌላ ሰው ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮችን፣ ማለትም አንድ ዓይነት ዘረመል ያላቸውን፣ መረመረ፤ ከ33 ጥንዶች በ7ቱ አንደኛው ምላሱን ሲጠቀልል ሌላው አቅቶታል። ዘረመል ብቻውን የሚወስነው ቢሆን ይህ ሊሆን አይችልም። ስተርትቫንት ራሱ ሐሳቡን ትቶታል፤ በ1965 ነገሩ አሁንም እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ማየት እንደሚያሳፍረው ጽፏል። እሱ ያፈረበትን እኔ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በኩራት ሳስተምር ነበር። የጆሮ ጫፍ መጣበቅና አለመጣበቅም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ዘረመሎች ይነካኩታል።

በማግሥቱ በአባላቱ ሁሉ ፊት ተሳስቻለሁ አልኩ። የልጅቷን ስም አላነሳሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታቸው ሄድኩ፤ አባትየው በር ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ያነበብኩትን በተቻለኝ መጠን አስረዳሁ። ጨርሰው ከሰሙኝ በኋላ የልጃቸውን አገጭ በጣታቸው ቀና አድርገው «አፍንጫዋን ይዩልኝ መምህር፤ ከዚህ አፍንጫ ወዲያ ምን ምስክር አለ?» አሉ። አፍንጫም ቢሆን በብዙ ዘረመሎች ስለሚወሰን ማስረጃ አይሆንም ልል ነበር። ቡናው ቀርቦ፣ ልጅቷም ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ስለነበር ዝም አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በክበቡ አንድ ደንብ ወጣ፦ የሰው ቤት አይቆጠርም። ቆርኪ፣ ዶሮ፣ አተር ይቆጠራል። በጥር፣ ከጥምቀት በኋላ፣ በሆስፒታል ላቦራቶሪ የሚሠራ የቀድሞ ተማሪያችን ስለ ደም ዓይነት ሊያስረዳን ሲመጣም ደንቡ ተጠብቋል። ማንም ደም አልሰጠም፣ ማንም የቤተሰቡን አልተናገረም። ጥያቄው ግን ዘነበ። «እናት ኤ፣ አባት ቢ ሆነው ልጅ ኦ ሊሆን ይችላል?» ይችላል። ኤ እና ቢ ሁለቱም ገዢዎች ናቸው፣ ኦ ድብቅ ነው። እናት ኤ-ኦ፣ አባት ቢ-ኦ ከሆኑ ከአራት ዕጣ አንዱ ኦ-ኦ ነው። እንግዳችን ካርል ላንድስታይነር በ1901 የደም ዓይነቶችን ለይቶ ባያሳውቅ ኖሮ ደም መለገስ ቁማር ሆኖ ይቀር እንደነበርም ነገረን።

መጋቢት ላይ ፋሲል ግንብ ሄድን። የታሪክ ክበቡ «ቦታችንን ወሰዳችሁብን» ብሎ ቅር ብሎታል፤ ይቅርታ ጠይቀናል። ግቢው ግን የዘር ሐረግ በድንጋይ የተሠራበት ነው። አፄ ፋሲል፣ ልጃቸው ዮሐንስ፣ የዮሐንስ ልጅ ኢያሱ፣ የኢያሱ ልጅ በካፋ፣ የበካፋና የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ፣ ቀጥሎ ኢዮአስ። በየግንቡ አንዳንድ ልጅ አቆምን። ፋሲልን የወከለው 32 ቀይ ቆርኪ ያዘ። እያንዳንዱ ንጉሥ ከያዘው 32 ቆርኪ ሳያይ 16 አውጥቶ ለልጁ ይሰጣል፤ ቀሪው 16 ከእናት የሚመጣ ስለሆነ በሌላ ቀለም ይሞላል። በሒሳቡ ዮሐንስ 16፣ ኢያሱ 8፣ በካፋ 4፣ ዳግማዊ ኢያሱ 2፣ ኢዮአስ 1 ቀይ ቆርኪ ይደርሳቸዋል። ለኢዮአስ ግንብ ስላላገኘንለት ከዛፍ ጥላ ሥር አቆምነው፤ ቆርኪው ሲቆጠር 3 ቀይ ይዞ ተገኘ። ሌላ ጊዜ ስንደግመው አንድም አልደረሰውም። ከአባትና ከእናት በትክክል ግማሽ ግማሽ እንወስዳለን፤ ከአያት ጀምሮ ግን ድርሻው አማካይ እንጂ የተቆረጠ አይደለም።

አንዲት ቆርኪ ላይ መስቀል አድርገንባት ነበር። እሷ ዕጣ አይወጣባትም፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በቀጥታ ትተላለፋለች፤ ዋይ ክሮሞዞም፣ ማለትም ወንድነትን የሚወስነው የዘረመሎች ጥቅል፣ ናት። ከፋሲል እጅ ወጥታ ኢዮአስ እጅ ስትደርስ ያው ነበረች። በእናት በኩል የሚሄደው ደግሞ የሚቶኮንድሪያ (በሕዋስ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ዲኤንኤ፣ ማለትም ዘረመል የተጻፈበት ንጥረ ነገር፣ ነው። ዳግማዊ ኢያሱ የምንትዋብን ይዟል፤ ለልጁ ግን ሊያወርሰው አይችልም። ኢዮአስ የያዘው ከወሎ የመጡትን የእናቱን የውቢትን ነው። ይህን ስናወራ የሰማ አንድ አስጎብኚ ጎብኚዎቹን አቁሞ ወደ እኛ ዞረና «ስለዚህ የምንትዋብ መስመር በሴቶች ልጆቻቸው በኩል ነው የሄደው ማለት ነው?» አለ። ልክ ነው።

ከግንቡ ስንመለስ በመንገድ ላይ የሰባት ቤት ነገር ተነሣ። ከሰባት ቤት ወዲህ አይጋቡም የሚለውን ሁሉም ልጅ ከቤቱ ያውቀዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን መልሳቸው «ነውር ነው» ነበር። አስልተን አየነው። የወንድማማች ልጆች በአማካይ ከዘረመላቸው አንድ ስምንተኛውን በጋራ የወረሱ ናቸው። ሁለቱም ከአንድ ጥንድ ቅድመ አያቶች የሚወርዱ ከሆነ አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ይሆናል። በየትውልዱ በአራት እየተካፈለ፣ ሁለቱም ወገን ሰባት ትውልድ ሲርቅ፣ ከ8,192 አንድ ይደርሳል። ድብቅ ሕመም የሚወጣው ሁለት ተመሳሳይ ድብቅ ቅጂ ሲገናኝ ስለሆነ ዘመዳሞች በተጋቡ ቁጥር መገናኘቱ ይቀላል። ዲኤንኤ የሚባል ነገር ሳይሰሙ ይህን የቆጠሩ ሽማግሌዎች የእኔን ያህል ማይክሮስኮፕ እንኳ አልነበራቸውም። አዲሶቹን መላጣ ቄቦች ሲያድጉ ከአባታቸው ከአውራው ጋር እናዳቅላቸው ብዬ ሳቀርብ ጸሐፊያችን እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ ሰባት ቤት አልተቆጠረም!» በድምፅ ብልጫ ተሸነፍኩ።

በወላጆች ቀን ልጆቹ ራሳቸው የጻፉትን አጭር ድራማ አሳዩ። አንድ አባወራ አራት ሴት ልጅ ስለወለደችለት ሚስቱን ሊፈታ ሽማግሌ ይሰበስባል። የመጨረሻዋ ልጁ ቆርኪ ይዛ ትገባለች፦ እናት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም፣ አባት ኤክስና ዋይ። እናት የምትሰጠው ሁልጊዜ ኤክስ ነው፤ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚቆርጠው ከአባት የሚመጣው ነው። ይህን ኔቲ ስቲቨንስ የተባለች ሴት ተመራማሪ በ1905 በጥንዚዛ ላይ አሳይታለች። ሽማግሌው ተነሥቶ ባልየውን «እንግዲህ ራስህን ፍታ» ሲለው አዳራሹ ፈነዳ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ፣ ከዚያም ረጅም ጊዜ አጨበጨቡ።

«ዘር ከልጓም ይስባል» በሚለው ላይ የተደረገውን ክርክር በአጭሩ ላልፈው፤ ሁለቱም ወገን ስለጮኸ ዳኞቹ አቻ አወጡ። ተቃዋሚዎቹ ያነሡት አንድ ነገር ግን ትክክል ነበር፦ ቁመትና የቆዳ ቀለም በብዙ ዘረመሎች፣ ቁመት ደግሞ በምግብም የሚወሰን ነው፤ በአራት ሳጥን አይገባም።

አውራው ገናንም፣ በጥበቃችን በአቶ ዘበኛ ንቃት ፋሲካንም አልፎ በሕይወት አለ። ለፋሲካ ከመምህራን መካከል ዋጋ ያቀረቡ ነበሩ፤ ስማቸውን አልጠራም። ሰባት ቤት ይጠበቅ በተባለው መሠረት ከአዘዞ፣ ዝምድና ከሌላት ቤት፣ የፊት ላባ ያላት አንዲት መላጣ ዶሮ ተዋስን። አሁን፣ ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሲሄድ፣ 12 እንቁላል ታቅፋለች። ሁለቱም አንድ አንድ የመላጣ ቅጂ ስላላቸው ከአራት አንዱ ጨርሶ የተራቆተ፣ ሁለቱ ባለ ፊት ላባ፣ አንዱ ደግሞ ከሁለት መላጣ ወላጆች የተወለደ ሙሉ ባለ ላባ ጫጩት እንጠብቃለን። ግምታችንን በካርቶን ጽፈን በቆጡ በር ላይ ሰቅለናል። ማታ ማታ እንቁላሎቹን በሞባይል መብራት እያየች የምትመዘግበው ያቺ የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ትናንት አባቷም አብረዋት መጥተው ነበር። እስካሁን 11ዱ ለምተዋል፣ አንዱ ባዶ ነው።